ሙዚቃው ጓዳ ድረስ እንዲደርስ፦ ሪፒተር፣ ሜሽ ወይስ ኬብል?

ከኢንተርኔት በዋይፋይ የምንሰማው ሙዚቃ መሃል ላይ ቀጥ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የኢንተርኔት ፓኬጁን ማሳደግ ነው። ወርሃዊ ክፍያው ይጨምራል። መኝታ ቤት ያለው ስፒከር ግን መቆራረጡን አይተውም።

ሙዚቃ ብዙ ኢንተርኔት የሚበላ ነገር አይደለም። ስፖቲፋይ «በጣም ከፍተኛ» የሚለው ጥራት በሰከንድ 320 ኪሎቢት ነው። አፕል ሙዚክ በተለመደው ጥራቱ 256 ኪሎቢት ይጠቀማል። ሁለቱም የ1 ሜጋ (በሰከንድ 1,000 ኪሎቢት) ሲሶ እንኳ አይሞሉም። ባለ 320ውን አንድ ሰዓት ሙሉ ብትሰሙ የሚሄደው 144 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሳይጨመቅ የሚቀመጠው የሲዲ ድምፅ እንኳ 1.4 ሜጋ ነው። ስለዚህ መስመሩ በትክክል 5 ሜጋ የሚሰጥ ቤት ሦስት ክፍል ውስጥ የተለያየ ዘፈን በሲዲ ጥራት ማጫወት ይችላል።

ለሙዚቃ የሚገዛ ዕቃ ለፊልምና ለጌም በሚገዛው መለኪያ አይመዘንም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 1200፣ 1800፣ 3000 የሚል የፍጥነት ቁጥር እዚህ ብዙም አይረዳም። ወሳኙ ስፒከሩ ወይም ስልኩ ያለበት ቦታ የሚደርሰው ሲግናል ሳይወላውል መቆየቱ ነው። እንዲህ ሲታይ ብዙዎች የሚንቁት ርካሽ ዕቃ ዋጋ ያገኛል። ውዱ ደግሞ አንዳንዴ ጭራሽ አያስፈልግም።

ሌላም ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው የእንግሊዝኛ መመሪያዎች አብዛኞቹ በእንጨትና በጂፕሰም የተሠራ የአሜሪካ ቤት ታስቦ የተጻፉ ናቸው። የአዲስ አበባ ቤት ብሎኬት ነው፣ ኮንክሪት ነው፣ የብረት በር ነው፣ ቆርቆሮ ነው። ዋይፋይ ጂፕሰምን ብዙም ሳይደክም ያልፋል። ፌሮ የገባበት ኮንክሪት ላይ ግን ክፉኛ ይዳከማል። ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ነጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ «ሜሽ (አንድ ዋይፋይ ሆነው የሚሠሩ ሳጥኖች) ግዙና ተገላገሉ» የሚለው ምክር እኛ ቤት ሲደርስ ሁልጊዜ አይሠራም።

መጀመሪያ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ለዩ

ስልካችሁን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ ቁሙ። ሞባይል ዳታውን አጥፉና በዋይፋይ ብቻ አንድ ሁለት ዘፈን አጫውቱ። ከዚህ በፊት ያልሰማችሁት ዘፈን ይሁን፤ የሰማችሁት ስልኩ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እዚያው አጠገቡ ቆማችሁ ከተቆራረጠ ችግሩ የቤቱ ሽፋን አይደለም። ወይ መስመሩ ነው፣ ወይ ራውተሩ ራሱ። ለዚህ ሪፒተር፣ ማለትም ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ዕቃ፣ መግዛት ብር መጣል ነው። አገልግሎት ሰጪያችሁ ጋ ደውሉ።

አጠገቡ ደህና ሆኖ ጓዳ ሲገባ ከሆነ የሚቆራረጠው፣ ቀጥሎ ያለው ለእናንተ ነው።

ስልኩ ላይ ያለውን ባር አትመኑ። አንድሮይድ ላይ የዋይፋይ ሲግናል የሚለኩ ነፃ አፖች አሉ፤ «ዋይፋይ አናላይዘር» ብላችሁ ብትፈልጉ ታገኛላችሁ። ሲግናሉን በዲቢኤም ያሳያሉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። −50 አሪፍ ነው። −67 አካባቢ ለሙዚቃም ለቪዲዮም ይበቃል። −75 ሲደርስ መወላወል ይጀምራል። ከ−80 ወዲያ ያለውን እንደሌለ ቁጠሩት።

አንድ የማውቀውን ቤት እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ገርጂ አካባቢ ያለ ጂ+1 ነው፤ ከኋላው ሰርቪስ ቤት አለው። ራውተሩ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነበር። ሶፋው ላይ −45 ያሳያል። ደረጃው ላይ −63። ፎቅ ያለው መኝታ ቤት በሩ ክፍት ሲሆን −70፣ ሲዘጋ −76። ሰርቪሱ ማድ ቤት ውስጥ −86። እንጀራ የሚጋገረው፣ ወጥ የሚሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ የሚፈለገው ደግሞ እዚያው ማድ ቤት ነው። እንዲህ ዓይነት ቁጥር በወረቀት ከያዛችሁ ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የሚላችሁን ሳይሆን ቤታችሁ የሚፈልገውን ትገዛላችሁ።

ምንም ሳይገዛ የሚሠራ ሥራ

መስመር የሚዘረጋው ባለሙያ ሳጥኑን የሚተወው ገመዱ የገባበት ቦታ ነው። በር ጥግ፣ መስኮት ሥር፣ ቲቪ ኋላ። እዚያ መቆየት አለበት ያለ የለም። ራውተር ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ የብረት መደርደሪያ ውስጥ ወይም መሬት ላይ አይቀመጥም። ከፍ ያለ፣ ገላጣ፣ ለቤቱ መሃል የቀረበ ቦታ ይፈልጋል። አንቴናዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ። የዚህ ዓይነት አንቴና አብዝቶ የሚረጨው ወደ ጎን ነው፤ በጫፉ አቅጣጫ ደካማ ነው። ፎቅም ላይ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ አንዱን አጋድሙት።

የገርጂው ቤት ራውተር ከቲቪው ጀርባ ወጥቶ ደረጃው አጠገብ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ ፎቅ ያለው መኝታ ቤት በሩ ተዘግቶም −66 ሆነ። ግማሹ ችግር በዚያው አለቀ፣ ያለ ምንም ዕቃ። ማድ ቤቱ ግን ፈቀቅ አላለም።

ፋይበር የገባላችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ቀጭኗን የፋይበር ገመድ ራሳችሁ አትቁረጡ፣ አታጥፏትም። ውስጧ መስታወት ነው፤ ከተሰበረች በፕላስተር አትቀጠልም። የፋይበር ሳጥኑን ባለበት ተዉት። «ላን» ከሚለው ቀዳዳው መስመሩን በኔትወርክ ኬብል ወደ ቤቱ መሃል ውሰዱና ራውተሩን እዚያ ትከሉ።

ቀጥሎ ባንዱን፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሄድበትን ሞገድ፣ እዩ። 2.4 ጊጋኸርዝ ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይችላል፤ ችግሩ መጨናነቁ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣንና ንጹህ ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆናችሁ ስልካችሁ የጎረቤት ዋይፋይ ከላይ እስከ ታች ደርድሮ ካሳያችሁ 2.4ቱ ተጨናንቋል ማለት ነው። ሳሎንና መኝታ ቤት ያለውን ዕቃ ወደ 5 አዙሩ። ያው የሚያስቸግረን ኮንክሪት የጎረቤትን 5 ጊጋ ስለሚያግድ እዚህ ላይ ይጠቅመናል።

2.4 ላይ የግድ መቆየት ካለባችሁ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 አንዱን ምረጡ። እርስ በርስ የማይነካኩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። 3 ላይ ወይም 8 ላይ የተቀመጠ ራውተር ግራና ቀኙን ይረብሻል፣ ራሱም ይረበሻል። የቻናሉን ስፋትም 20 ሜጋኸርዝ አድርጉት እንጂ 40 አትበሉ። ማይክሮዌቭ ኦቨንም የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ምግብ ሲሞቅ ብቻ ሙዚቃው የሚቆም ከሆነ እሱን ጠርጥሩ።

ሪፒተር፦ ከሚወራበት የተሻለ ዕቃ

ሪፒተር፣ ኤክስቴንደርም ይሉታል፣ ከዋናው ራውተር ሲግናል ተቀብሎ መልሶ ያሰራጫል። ሶኬት ላይ ይሰካል። ኬብል አይፈልግም። ከሚሸጡት አማራጮች በዋጋ የሚቀለው እሱ ነው።

የሚነሳበት ወቀሳ ፍጥነቱን በግማሽ ይቆርጣል የሚል ነው። እውነት ነው። ባለ አንድ ባንዱ ሪፒተር አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይናገራል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይችልም። ትልቅ ፋይል ለሚያወርድ ሰው ይህ ያናድዳል። ለሙዚቃ ግን 20 ሜጋው 10 ቢሆን ምን ይጎዳናል? የምንፈልገው የ1 ሜጋ ሲሶ ነው። ለዚህ ነው ሪፒተርን ከመጀመሪያው የማልጥለው።

የሚበላሸው አቀማመጡ ላይ ነው። ሰው ሪፒተሩን ወስዶ ሲግናል የጠፋበት ክፍል ውስጥ ይሰካዋል። እዚያ ሆኖ ዋናውን ራውተር በቅጡ የማይሰማ ሪፒተር የሚያሰራጨው ያንኑ የተቆራረጠ ነገር ነው። ስልኩ ላይ ባሩ ሙሉ ይሆናል፣ ሙዚቃው ግን ይቆማል። ትክክለኛው ቦታ የዋናው ራውተር ሲግናል ገና −65 አካባቢ የሆነበት ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ችግረኛው ክፍል ብዙ ግድግዳ አይኑር። ደረጃ መሃል ያለ ሶኬት፣ የኮሪደር ጫፍ፣ ወደ ጓሮ የሚያይ መስኮት አጠገብ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ፈልጉ።

ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። «ኤን 300» የሚለው በ2.4 ብቻ የሚሠራ ነው። «ኤሲ 1200» ሲባል ደግሞ በ2.4 ያለው 300 እና በ5 ያለው 867 ተደምሮ የወጣ ቁጥር ነው። እኔ ባለ ሁለት ባንዱን እመርጣለሁ። በአንዱ ባንድ ከራውተሩ ጋር፣ በሌላው ከስልካችሁ ጋር ማውራት ስለሚችል መጠባበቁ ይቀራል። ሁለተኛው የላን ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ ያለው ሪፒተር ነገ ኬብል ብትዘረጉ ወደ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በኬብል የመጣውን በዋይፋይ ወደሚያሰራጭ ዕቃ፣ ይቀየርላችኋል።

አንድ ጉድለት ግን አለው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ኬብልና ሁለተኛ ራውተር

ግቢ ላለው፣ ሰርቪስ ቤት ላለው፣ ጂ+1 ለሚኖር ሰው እኔ የምመክረው ይህን ነው። ከዋናው ራውተር አንድ የኔትወርክ ኬብል ወደ ሩቁ ክፍል ይሳባል። ጫፉ ላይ ሁለተኛ ራውተር ይሰካል። ሲግናሉ ግድግዳ መብሳት አይጠበቅበትም፤ በሽቦ ደርሶ እዚያው ይሰራጫል። አንድ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይወስዳል። አብዛኛው የከተማ ግቢ ይህን ያህል አይርቅም።

ሁለተኛው ራውተር አዲስ መሆን የለበትም። በስልክ ገመድ ከሚመጣው ኤዲኤስኤል ወደ ፋይበር ሲዞር የተተወ ራውተር መሳቢያ ውስጥ ያለው ቤት ብዙ ነው። ለሙዚቃ እሱ ከበቂ በላይ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። መጀመሪያ አሮጌውን ራውተር ለብቻው አብሩትና ሴቲንጉ ውስጥ ግቡ። የዋናው ራውተር አድራሻ (አይፒ) 192.168.1.1 ከሆነ የአሮጌውን 192.168.1.2 በሉት። ቀጥሎ ለስልኮቹ አድራሻ የሚያድለውን፣ ዲኤችሲፒ የሚለውን አጥፉ። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ከዋናው ጋር አንድ አድርጉት፣ ቻናሉን ግን ለዩት፤ ዋናው 1 ላይ ከሆነ ይሄኛው 6 ወይም 11 ይሁን። ከዚያ ሴቭ አድርጋችሁ ኬብሉን ከዋናው ራውተር ላን ቀዳዳ ወደ አሮጌው ላን ቀዳዳ ሰኩ። ዋን ወይም ዲኤስኤል የሚለው ቀዳዳ ላይ እንዳይሆን።

ዲኤችሲፒውን ማጥፋት የሚረሳው ሰው ብዙ ነው። ካልጠፋ ሁለት ራውተር እየተሻማ አድራሻ ያድላል። አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው ራስ ምታት ነው።

ኬብሉን በጥንቃቄ ግዙ። «ካት 5ኢ» የሚባለው ደረጃ ይበቃል፤ ካት 6 የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እሱን ውሰዱ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ መዳብ መሆኑ ነው። ገበያ ላይ «ሲሲኤ» የሚባል አለ። ውስጡ አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባው ከላይ ብቻ። ቶሎ ይሰበራል፣ ርቀት ሲጨምርም ይደክማል። ሱቅ ውስጥ እያላችሁ የአንዷን ቀጭን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉ። ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም። «ሙሉ መዳብ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ፍቃችሁም አረጋግጡ።

ውጭ የሚያልፍ ኬብል ለውጭ የተሠራ፣ ፀሐይ የሚችል ሽፋን ያለው ይሁን። የቤት ውስጡ ጥቂት ክረምትና በጋ ካየ ይሰነጠቃል። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ግን አንድ ቱቦ ውስጥ አይግባ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ ከቤት ወደ ቤት የተሳበ የመዳብ ኬብል አደጋ አለው፤ በአቅራቢያ ሲወድቅ ሁለቱንም ራውተር ሊያቃጥል ይችላል። ለኔትወርክ ኬብል የሚሆን የመብረቅ መከላከያ ካገኛችሁ አስገቡ። ካላገኛችሁ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ ቀድማችሁ ንቀሉት።

ገርጂ የሆነው ይኸው ነው። ኬብሉ ከኮሪደሩ ተነስቶ በመስኮት ጥግ ወጥቶ፣ በግድግዳው ሥር በቱቦ ተጉዞ ሰርቪሱ ገባ። አሮጌው ራውተር ከምድጃው ርቆ፣ እንፋሎትና ጭስ የማይደርስበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ማድ ቤቱ −86 የነበረው −44 ሆነ። የባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን የሚስተካከል ሪፒተርም ሆነ ሜሽ አላየሁም።

ሜሽ መቼ ነው የሚያዋጣው?

ሜሽ ማለት ሁለት ሦስት አንድ ዓይነት ሳጥኖች በአንድ ስም አንድ ዋይፋይ ሆነው የሚሠሩበት ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ ከፎቅ ወደ ምድር ስትወርዱ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ያሸጋግራችኋል። ሴቲንጉ በስልክ አፕ ስለሆነ ይቀላል። ዋጋው ግን ከሪፒተር በብዙ ይበልጣል።

ትልቁ ጥቅሙ ይህ ሳይቆራረጡ መሻገር ነው። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እየተነጋገረ ቤት ውስጥ ለሚዘዋወር ሰው ልዩነቱ ይሰማዋል። ሙዚቃ ግን ቀድሞ ጥቂት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ጭኖ ስለሚያስቀምጥ፣ ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አጭር ክፍተት ቢኖርም ጆሮ አያውቀውም። ስለዚህ ለሙዚቃ ብቻ ሜሽ መግዛት ለማንጠቀምበት ነገር መክፈል ነው ባይ ነኝ። ቤቱ ጂ+2 ከሆነ፣ ሰው ከበዛ፣ የልጆች ትምህርትም የቢሮ ስብሰባም በዚያው ዋይፋይ የሚካሄድ ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያኔ ይገባዋል።

ሳጥኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአየር ነው። ኮንክሪቱ ለእነሱም ያው ኮንክሪት ነው። ሦስቱን በጣም አራርቆ ማስቀመጥ ሪፒተርን ሙት ቦታ ላይ መሰካት ነው። በመካከላቸው አንድ ቢበዛ ሁለት ግድግዳ ይኑር። ፎቅና ምድር ላይ ስታስቀምጡ በደረጃው ክፍት ቦታ በኩል ይተያዩ። አቅም ካለ ባለ ሦስት ባንዱ ይሻላል፤ አንዱን ባንድ ለእርስ በርስ ወሬያቸው ይለይላቸዋል። ኬብል መሳብ የሚቻልበት ቤት ከሆነ ሜሽንም በኬብል አገናኙት። ብዙዎቹ ይቀበላሉ፣ ያኔ ነው እውነተኛ አቅማቸው የሚታየው።

ዋናው የቴሌ ራውተር እየሠራ ሜሽ ከጨመራችሁ ሜሹን አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ አድርጉት። አለበለዚያ ቤቱ ውስጥ ሁለት ኔትወርክ ይፈጠራል፣ ስልኩም ስፒከሩን ማየት ያቆማል።

በኤሌክትሪክ መስመር የሚሄደው ዕቃ

ፓወርላይን የሚባሉት አዳፕተሮች ኢንተርኔቱን በግድግዳው የኤሌክትሪክ ሽቦ ያሳልፋሉ። አንዱ ራውተሩ ጋ፣ ሌላው ሩቁ ክፍል ሶኬት ላይ ይሰካል። ሲሳካ ጥሩ ነው። ሁለቱም ሶኬቶች በአንድ ቆጣሪ ሥር መሆን አለባቸው። ባለ ሦስት ፌዝ ቤት ከሆነ በተለያየ ፌዝ ላይ ሲወድቁ ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። በስታቢላይዘር፣ በዩፒኤስ ወይም ጥበቃ ባለው ኤክስቴንሽን በኩል ከሰካችሁት ይታፈናል፤ ግድግዳው ላይ በቀጥታ ይሰካ። ካልሠራ የሚመልሱበት ሱቅ ካላገኛችሁ እኔ አልመክርም።

ኬብልም ሪፒተርም የማያስፈልገው ሰው

ማድ ቤት ውስጥ ሙዚቃ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና ዘፈኑም በአብዛኛው ያው የሚወደው ከሆነ፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ ዘፈኖቹን ወይም መዝሙሮቹን ስልኩ ላይ ማውረድ ይበቃዋል። 10 ሰዓት ሙሉ ሙዚቃ በከፍተኛ ጥራት 1.4 ጊጋ ገደማ ነው። ከዚያ በብሉቱዝ ስፒከር ይሰማል። ብሉቱዝ በተለምዶ 10 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ ግድግዳ ካለ ያንሳል፤ ስልኩና ስፒከሩ አንድ ክፍል ውስጥ ይሁኑ። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ሙዚክ ላይ ለማውረድ የሚከፈልበትን አገልግሎት ይጠይቃሉ። ቀጥታ ሬዲዮ ለሚሰማ ሰው ግን ይህ አያገለግልም።

ስልኩ ስፒከሩን አላገኘውም ሲል

ከስልክ ወደ ዋይፋይ ስፒከር ስታጫውቱ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፣ ልዩነቱ ዕቃ የምታስቀምጡበትን ቦታ ይወስናል። በክሮምካስት ወይም በስፖቲፋይ ኮኔክት ስታጫውቱ ስልኩ ትዕዛዝ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሙዚቃውን ከኢንተርኔት የሚያመጣው ስፒከሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሲግናል የሚያስፈልገው ስፒከሩ ያለበት ቦታ ነው፤ ስልኩ ቢርቅም ችግር የለም። በአፕሉ ኤርፕሌይ ግን ከስልክ ስትልኩ ሙዚቃው በተለምዶ መጀመሪያ ወደ ስልኩ ይመጣል፣ ከዚያ በራውተሩ በኩል ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። አየሩን ደጋግሞ ስለሚጠቀም ሁለቱም ያሉበት ቦታ ደህና መሆን አለበት።

ስፒከሩ በርቶ ስልኩ ካላየው ብዙውን ጊዜ ሁለቱ የተለያየ ኔትወርክ ላይ ናቸው። አንዱ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ሊሆን ይችላል። ወይ ራውተሩ ዕቃዎችን እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርግ «አይሶሌሽን» የሚባል ሴቲንግ በርቶበታል። ርካሽ የዋይፋይ ስፒከሮች ደግሞ ብዙዎቹ 2.4ን ብቻ ነው የሚያውቁት። መጀመሪያ ስታገናኟቸው ስልካችሁንም 2.4 ላይ አድርጉት።

መብራት ሲሄድ

ይህን የውጭ መመሪያዎች ብዙም አያነሱትም። ለእኛ ግን ምርጫውን ሊቀይር ይችላል። መብራት ሲጠፋ ስልኩም ቻርጅ አለው፣ የብሉቱዝ ስፒከሩም ቻርጅ አለው። የሚጠፋው ራውተሩ ብቻ ነው። አብዛኛው ራውተርና የፋይበር ሳጥን የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፣ አንዳንዱ በ9። ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሽ ባትሪ ራውተሩን ለሰዓታት ያቆየዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን ጀርባ አንብቡ፤ «12 ቮልት 1 አምፔር» ወይም «12 ቮልት 2 አምፔር» የሚል ጽሑፍ አለ። ዩፒኤሱ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። ፋይበር ካላችሁ ሳጥኑም ራውተሩም ባትሪ ይፈልጋሉ። አንዱ ብቻ ቢበራ ዋጋ የለውም።

ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካ ሪፒተርና ፓወርላይን በሚኒ ዩፒኤስ አይሠሩም። 220 ነው የሚፈልጉት። በኬብል የተሳበው አሮጌ ራውተር ግን ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ስለሆነ ባትሪ ይቀበላል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ሰፈር ይህ ብቻውን ለኬብሉ ያስወስነኛል።

ከውጭ ለሚላክላችሁ

ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ «ምን ላምጣላችሁ?» ካለ፣ አዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይቶ ይግዛ በሉት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። «120» ብቻ የሚል ዕቃ እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ሪፒተርና ፓወርላይን ሶኬቱ ከገላው ጋር የተሠራ ስለሆነ የአሜሪካው በማስተካከያ ላይ ተንጠልጥሎ ይላወሳል፤ የዱባዩም ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ጥርስ የእንግሊዝ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለውን ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው ካላችሁ እሱን ላኩት፣ ወይ እዚሁ ግዙ። ሜሽና ራውተር አብዛኞቹ አዳፕተራቸው ለብቻ ስለሆነ፣ «100–240» የሚል እስካለባቸው ድረስ ከየትም ቢመጡ አያስቸግሩም።

ኪራይ ቤት ከሆናችሁ

ተከራይ ግድግዳ አይበሳም። ሰርቪስ ቤት ተከራይታችሁ የአከራዮቻችሁን ዋይፋይ እየተካፈላችሁ ከሆነ ባለ ሁለት ባንድ ሪፒተር ነው የሚሆናችሁ። ፓስወርዱን የሰጧችሁ ሰዎች ሪፒተር መጨመራችሁን ይወቁ። ስትወጡ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ራውተሩን ቦታ መቀየርና 5 ጊጋውን መጠቀም ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ባለ ሦስት መኝታው ውስጥ የመጨረሻው ክፍል ካስቸገረ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሪፒተር ጨምሩ።

የትኛውንም ብትገዙ ከሻጩ ጋር ካልሠራ እንደምትመልሱት ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ካርቶኑንም አትጣሉ። ፈተናውን ቀን ላይ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ አታድርጉት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ቤት ገብቶ ስልኩን ሲከፍት፣ የሩቁን ክፍል በር ዝጉና አንድ ሙሉ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫውቱ።